ሲቀዘቅዝ ዝም፣ ሲሞቅ ዶቅ ዶቅ፦ የታደሰ የቮልስ ሞተር ድምፅ እንዴት ተመረመረ

መኪናዋ የ1967 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን ናት። ሞተሯ ባለ 1300 የሚባለው ነው፤ 1285 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 77፣ የፒስቶኑ ምት 69 ሚሊሜትር። አዲስ አበባ ውስጥ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ታድሷል። ክራንክሻፍቱ (የፒስቶኖቹን ምት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ ባጭሩ ክራንክ) በ0.50 ሚሊሜትር ተሞርዷል፣ ክራንኩ የሚዞርበት የዋናው ብሮንዝም፣ የቢዬላውም (ፒስቶንን ከክራንክ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዝ ተቀይሯል፣ ፒስቶን ከነሲሊንደሩና ከነፋሻው አዲስ ገብቷል፣ ቴስታታዎቹም (የሲሊንደር ራሶቹ) ቶርኖ ቤት ደርሰው መጥተዋል። 700 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደች ድምፅ ጀመረች።

ጠዋት ስትነሳ ምንም የለባትም። ሩብ ሰዓት ተነድታ መብራት ላይ ስትቆም ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ) ወፍራም፣ ደነዝ ያለ ዶቅታ ይሰማል። የሚመጣው ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ከሚጋጠምበት በኩል ነው። ምቱ እኩል አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታና ይዘላል። ነዳጅ ሰጥተው ከ1,500 ዙር ሲያሳልፏት ይጠፋል። ቆማ ስታድር ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ሥር የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል የዘይት ምልክት መሬት ላይ ይገኛል።

የመጀመሪያው ፍርድ እንደተለመደው ፈጣን ነበር፦ «ቢዬላ መታ ጋሼ፣ ሞተሩ ይውረድ።» ሞተሩ በመጨረሻ መውረዱ አልቀረም። በዚህ ፍርድ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን ጤነኛ የቢዬላ ብሮንዝ ተቀይሮ፣ ሞተሩ ተመልሶ ይታሰርና ድምፁ በመጀመሪያው ሙቀት ይመለስ ነበር።

ከውጭ ያሉትን ማጥፋት ብዙ ጊዜ አይወስድም። የአየር ማራገቢያውና የዲናሞው ቺንጋ ተፈትቶ ሞተሩ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ተነሳ፤ ድምፁ እዚያው ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለ ቺንጋ ከዚያ በላይ መሥራት የለበትም። ካንዴላዎቹ ጠብቀዋል፤ የማርሚታው መጋጠሚያ አያፈስም። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ ስምንቱም ላይ 0.15 ሚሊሜትር ነበር። የቤንዚን መቃጠል ቀድሞ እየመጣ ነው የሚለው ግምትም አያስኬድም። ያ ድምፅ የሚሰማው ሞተሩ ሲጫን ነው እንጂ በሚኒሞ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ የሚከሰትበት ዕድል ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ድምፁ በማን ፍጥነት እንደሚመታ መታወቅ አለበት። ታይሚንግ ላይት (ከካንዴላው ጋር ብልጭ የሚል መብራት) በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ ሲታሰር ክራንኩ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይበራል። ድምፁ ከብልጭታው ጋር አንድ ለአንድ ከሄደ ችግሩ በካምሻፍት (በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት እየዞረ ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ፍጥነት የሚሠራ ነገር ላይ ነው፦ ቫልቭ፣ የቫልቭ መግፊያ፣ የቤንዚን ፓምፕ ዘንግ። በአንድ ብልጭታ ሁለቴ ከመታ ክራንኩ፣ ቢዬላው ወይም ቮላኖው (በክራንኩ ጫፍ የታሰረው ከባድ መንኮራኩር) ላይ ይፈለጋል። እዚህ ምቱ የሚዘል ቢሆንም ሲመታ ሁለቴ ነበር። ይህ አንድ ፈተና ብቻውን የሞተሩን ግማሽ ከተጠርጣሪነት ያወጣል፤ ጆሮ ብቻ ይዘው የሚሠሩ ግን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ቢዬላ ከሆነ የሚገኝበት መንገድ የታወቀ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ገመዶች በየተራ ይነቀላሉ። የተነቀለው ገመድ ጫፉ ብረት እንዲነካ ይደረጋል፤ ክፍት ከቀረ ቦቢናው ይጎዳል። ፍንዳታው የቀረበት ፒስቶን ቢዬላውን አይገፋም፤ ስለዚህ የተላላ ብሮንዝ ያለበት ሲሊንደር ሲጠፋ ዶቅታው ይቀንሳል ወይም መልኩን ይለውጣል። በዚህች ቮልስ ላይ አራቱም በየተራ ቢጠፉ ሞተሩ ተንገዳገደ እንጂ ድምፁ የትኛውንም አልተከተለም።

የዘይት ግፊትም ተለካ። የመብራቷ ስዊች ተፈትታ በቦታዋ ጌጅ ገባ። ሞቆ በሚኒሞ 0.7 ባር፣ በ2,500 ዙር 2.3 ባር አሳየ። ፋብሪካው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ ዘይቱ ሞቆ በ2,500 ዙር 2 ባር ነው። ያልፋል፤ ለአዲስ ብሮንዝ ግን የሚያኮራ ቁጥር አይደለም፤ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ዘይቱ ፈሶ የሥሩ ማጣሪያ ወንፊት ሲወጣ ጥቂት ለስላሳ፣ ግራጫ ብናኝ ተገኘ፤ ማግኔት አያነሳውም። ብረት ቢሆን ክራንክ ወይም ጥርስ ነው ይባል ነበር፤ ማግኔት የማይዘው ለስላሳ ብናኝ ግን ከብሮንዝ ወይም ከኬዝ (ክራንኩን ከያዘው የሞተሩ አካል) ነው።

ጉዳዩን ወደ አንድ ጥግ የገፋው የፍሪሲዮን ፔዳል ነው። ሞተሩ ሞቆ ዶቅ ዶቅ እያለ ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ ሲለቀቅ ተመለሰ። ቮልስ ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ቮላኖውንና ክራንኩን አንድ ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ፑሊው (ቺንጋው የሚዞርበት የክራንኩ ሌላኛ ጫፍ) ይገፋቸዋል። ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ክፍተት ካለ በአንድ በኩል ተደግፎ ይቆማል። በሚኒሞ ግን የፍንዳታው ግፊት ስለሚቆራረጥ፣ የካምሻፍቱ ጥርሶችም ሰያፍ ስለሆኑ ክራንኩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይጎተታል፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ እየተጋጨ ይመታል። ዙር ሲጨምር ግፊቱ ስለሚስተካከል ይረጋጋል። የምልክቱ ሁሉ ማብራሪያ ይኼው ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ቢዬላ አይደለም፤ ይህን የሚያውቅ መካኒክ ብዙ ሞተር ከመውረድ ያድናል።

የክራንክ የፊትና ኋላ ክፍተት በዚህ ሞተር ላይ ሲታሰር ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ ከ0.15 ካለፈ ያለቀ ነው። ለመለካት ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያነብ ባለ መርፌ መለኪያ) ከፑሊው ፊት ይቆማል። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፦ የቮልስ ኬዝ ማግኒዥየም ስለሆነ የጌጁ ማግኔት መቆሚያ አይጣበቅም። የላሜራ ሽፋኑ ላይ ቢጣበቅም ሽፋኑ ስለሚታጠፍ የሚያነበው ውሸት ነው። የዲናሞው መቆሚያ በታሰረበት ቡሎን ላይ ወፍራም ብረት አስሮ ጌጁን እዚያ ላይ ማቆም ይሻላል። አንድ ሰው ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ጌጁ ዜሮ ይደረጋል፣ ፔዳሉ ይለቀቅና ፑሊው በመዳፍ ወደ ፊት ይገፋል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ 0.12 ሆነ። ፍጹም ጤነኛ።

ብዙ ምርመራ የሚሳሳተው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ክፍተቱ ነጻ ይወጣና ጥርጣሬው ወደ ቢዬላ ይመለሳል። ድምፁ ግን ሲቀዘቅዝ የለም፤ ታዲያ ድምፅ በሌለበት ሰዓት የተለካ ቁጥር ምን ይመሰክራል? መኪናዋ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ወጥታ ተመለሰች። የአዲስ አበባ ስስ አየር በአየር የሚቀዘቅዝን ሞተር እምብዛም ስለማይረዳው ያ ዳገት ለዚህ ሥራ ይበቃል። እንደቆመች፣ ፑሊው በጓንት ተይዞ፣ ጌጁ እንደገና ተነበበ፦ 0.34። ከመጨረሻው ገደብ ከእጥፍ በላይ። ፑሊው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ግን የሚታይ እንቅስቃሴ አልነበረውም፤ ስለዚህ በፑሊው በኩል ያለው አራተኛው ብሮንዝ ደህና ነው።

የቀዝቃዛውና የሙቁ ልዩነት 0.22 ነው። በሙቀት ብቻ ክራንክ ይህን ያህል ቦታ አያገኝም። ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።

ቀሪው በመኪናዋ ላይ ሆኖ አይታወቅም። ሞተሩ አራት የ17 ማሰሪያዎች ተፈትተው፣ የቤንዚን ጎማው ታንቆ፣ ክሪክ ሥሩ ገብቶ ወረደ። ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ ከካምቢዮው ዘንግ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ቀጥ ብሎ ካልተሳበና ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምመዋል። መሬት ላይ የነበረው ዘይት የሞተር መሆኑ እዚህ ተረጋገጠ፤ የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ነው፣ ይህ አይደለም።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ሁለተኛ ተጠርጣሪም አለው፤ የላላ ቮላኖ። ቮላኖውን የሚይዘው መሃሉ ላይ ያለ አንድ ትልቅ የ36 ማሰሪያ ብቻ ነው፤ እንደ ሞተሩ ዘመን ከ300 እስከ 350 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ብዙ ጋራዥ በቱቦ አስረዝሞ በግምት ስለሚያስረው እየላላ ክራንኩን የሚበላ ቮላኖ ብርቅ አይደለም። የላላ ቮላኖ ግን ማስረጃ ይተዋል፦ የአራቱ ፒኖች ቀዳዳ ይሰፋል፣ ከክራንኩ ጋር የሚጋጠምበት ፊት ላይ ቀይ፣ ዝገት የመሰለ ዱቄት ይታያል። እዚህ ሁለቱም የሉም። ማሰሪያውም የተፈታው በከባድ ጉልበት ነው።

ከቮላኖው ኋላ ሦስቱ ስፔሶሮች (የክራንኩን ክፍተት የሚወስኑት ስስ ቀለበቶች) ወጥተው በማይክሮሜትር ተለኩ፦ 0.32፣ 0.32 እና 0.30። ንጹሕ፣ ያልተጫረ። ሞተሩን ያደሰው እጅ ስፔሶሩን በትክክል ነው የመረጠው፤ የቀዝቃዛው 0.12 ምስክር ነው። ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) በቮላኖው አንገት ላይ የተወው መስመር ግን ከመደበኛው ሰፊ ነበር፤ ክራንኩ ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ የሲሉን ከንፈር ይዞት ይሄድ ነበር፤ ዘይቱ የፈሰሰው ከዚህ ነው።

ሲሉ ሲወጣ የመጀመሪያው ዋና ብሮንዝ ጠርዝ በዓይን ይታያል። ይህ ብሮንዝ ሁለት ሥራ አለው፦ ክራንኩን ይሸከማል፣ በከንፈሮቹ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ያግደዋል። እርሱ ራሱ በኬዙ ውስጥ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። የጌጁ ጫፍ ክራንኩ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ብሮንዙ ጠርዝ ላይ ተደረገ። በቀዝቃዛው፣ ክራንኩ ከፑሊው በኩል ሲገፋ፣ መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ኬዙ በዚያ አካባቢ በሞቃት አየር መንፊያ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ሞቀና እንደገና ተገፋ። መርፌዋ 0.22 ላይ ቆመች፤ በነሐስ ዘንግ መልሰው ሲገፉት ብሮንዙ ወደ ቦታው ተንሸራተተ። 0.12 ሲደመር 0.22፣ 0.34። ሒሳቡ ገጠመ።

ኬዙ ተከፍሎ ሲታይ የብሮንዙ ጀርባ እዚህም እዚያም እንደ መስታወት አብርቷል፤ በደንብ የተያዘ ብሮንዝ ጀርባው ደብዛዛና እኩል ነው። ከንፈሩ የሚያርፍበት የኬዙ ፊት ላይ በጥፍር የሚዳሰስ እርከን ተፈጥሯል። ወንፊቱ ላይ የነበረው ግራጫ ብናኝ የመጣው ከዚህ ነው። ቢዬላዎቹ ግን የታሰሩበትን ቀን ይመስሉ ነበር።

ሁለቱ የኬዝ ግማሾች ባዶአቸውን ተገጥመው፣ ስድስቱ ትላልቅ ዳዶዎች በ34 ኒውተን ሜትር ታስረው፣ የብሮንዝ ማረፊያው በቦር ጌጅ (የቀዳዳ ስፋት መለኪያ) ተለካ። አዲስ ኬዝ ከ65.00 እስከ 65.02 ነው፤ ከ65.03 በላይ አይፈቀድም። የዚህ አንደኛ ማረፊያ በአንዱ አቅጣጫ 65.02፣ በሌላው 65.06 ሆነ፤ ክቡ እንቁላል ሆኗል። መካከለኛው ሁለተኛ ማረፊያ 65.05 ደርሷል፤ ያ ነው የዘይት ግፊቱን ዝቅ ያደረገው። ሲቀዘቅዝ ብሮንዙ በጠባቡ በኩል ተጨብጦ ይቆማል። ማግኒዥየም ግን በአንድ ዲግሪ ብረት ከሚሰፋው ከእጥፍ በላይ ይሰፋል፤ በ65 ሚሊሜትር ስፋትና በ70 ዲግሪ ጭማሪ ከብረት ጀርባ ካለው ብሮንዝ በ0.06 ገደማ ይበልጣል። አዲስ ኬዝ ብሮንዙን ሲያስር ይህን ታሳቢ አድርጎ አጥብቆ ይይዘዋል። ያረጀው የሚለቀው በሙቀት ነው።

እድሳቱ ላይ የጎደለው እንግዲህ አንድ ልኬት ነው። ክራንኩ ተለክቷል፣ ሲሊንደሩ ተለክቷል፣ ስፔሶሩ ተለክቷል፤ ኬዙ ግን ታጥቦ ብቻ ተመለሰ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሠራ የማግኒዥየም ኬዝ ሳይለካ አዲስ ብሮንዝ አይገባበትም።

በዚህ ደረጃ የሚመጣ ፈተና አለ። «ክፍተቱ ሰፋ አይደል፣ ስፔሶር እንጨምርበት» የሚል። ስፔሶር የሚያጠበው በክራንኩና በብሮንዙ መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ 0.12 ብቻ ነው። 0.34ን ወደ 0.10 ለማውረድ 0.24 ቢጨመር ቮላኖው ሲጠብቅ ብሮንዙን ከሁለት በኩል ይጨፈልቀዋል። ሞተሩ ወይ በእጅ አይዞርም፣ ወይ ዞሮ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይነክሳል። ብሮንዙ ከኬዙ ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ ግን አንድም አይቀንስም።

መፍትሔው ኬዙን መሥራት ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ማረፊያ በአንድ መስመር ወደ 65.50 ሰፉ፤ ከንፈሩ የሚያርፍበት ፊትም ተስተካክሎ ተቆረጠ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ብሮንዙ መጀመሪያ ይገዛል፣ ኬዙ በእርሱ ልክ ይቆረጣል። የሚገዛው ብሮንዝ ሦስት ልክ አለው፦ ውስጡ 0.50 ያነሰ ለተሞረደው ክራንክ፣ ውጭው 0.50 የበለጠ ለሰፋው ኬዝ፣ ከንፈሩም ለተቆረጠው ፊት የሚሆን። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄዶ «0.50 ብሮንዝ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የሚሰጡት ውስጡ 0.50 የሆነውን ነው፣ ውጭው ስታንዳርድ ይሆናል። ካርቶኑን ሳይሆን ብሮንዙን ራሱን መለካት።

ለቶርኖ ባለሙያው ሁለት ነገር መነገር አለበት። የክራንኩ መሃል ወደ ካምሻፍቱ ወይም ከእርሱ መራቅ የለበትም፤ የሁለቱ ጥርሶች ክፍተት ከ0 እስከ 0.05 ብቻ ስለሆነ መስመሩ ትንሽ ቢዛባ ወይ ጥርሱ ይጮኻል ወይ ይጣበቃል። ሁለተኛው የማግኒዥየም ብናኝ በቀላሉ ይነዳል፤ ከነደደ ውኃ ያባብሰዋል፤ ደረቅ አሸዋ አጠገብ ይቀመጥ። ኬዙ ሲመለስ የዘይት መሄጃ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በብሩሽና በነጭ ጋዝ ታጥበው በአየር ተነፉ። እዚያ የቀረ አንድ ብናኝ አዲሱን ብሮንዝ ይጭራል።

ሲገጠም አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ብሮንዝ እያንዳንዳቸው ትንሽ ፒን ላይ ይቀመጣሉ። ፒኑን የሳተ ብሮንዝ ኬዙ ሲዘጋ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ክራንኩ ከመግባቱ በፊት ብሮንዞቹ ባዶአቸውን ፒናቸው ላይ ተቀምጠው ከኬዙ ጠርዝ ጋር የሚገናኙበት መስመር በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ በኋላ መስመሩ ከጠርዙ ጋር ከገጠመ ፒኑን አግኝቷል ማለት ነው። ቢዬላዎቹ ከክራንኩ አልተፈቱም፤ ምክንያት የለም። የኬዙ ግማሾች ያለ ጓርኒሲዮን፣ በስሱ በተቀባ ማሸጊያ ተገጠሙ። ቀድሞ የሚጠብቀው በአንደኛው ብሮንዝ ትልቅ ቡሎን ጎን ያለው ባለ 8 ሚሊሜትሩ ነው፤ ከዚያ ስድስቱ ትላልቆች በ34፣ ከዚያ የቀሩት ትናንሾች በ20 ኒውተን ሜትር። በየደረጃው ክራንኩ በእጅ ይዞራል። አንድ ቦታ ከከበደ ማጥበቁ ይቆማል፣ ኬዙ ይከፈታል።

ስፔሶሩ የሚለካው ኦይል ሲልና የቮላኖው ጎማ ቀለበት ሳይገቡ፣ በሁለት ስፔሶር ብቻ፣ ቮላኖው በሙሉ ልኩ ጠብቆ ነው። ሲሉ ካለ ክራንኩን ስለሚይዘው ንባቡ ያንሳል። ጌጁ 0.44 አነበበ፤ 0.10 ሲቀነስ ሦስተኛው ስፔሶር 0.34 ይሆናል። የሚሸጡት በ0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እና 0.38 ስለሆነ ልኩ ተገኘ። ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወፍራም ወይም አራት ስስ አይሆንም። ቮላኖው ወጥቶ አዲስ ሲል ገባ፣ ሦስቱ ዘይት ተቀብተው ተቀመጡ፣ ቮላኖው በሙሉ ልኩ ታሰረ፤ ጌጁ 0.10 አለ። ከዚያ ኬዙ በሞቃት አየር ሞቆ ጌጁ እንደገና ተነበበ፦ 0.11።

2.5 ሊትር ዘይት ገብቶ፣ ካንዴላ ወጥቶ፣ የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ በሞተሪኖ ተዞረ። ከዚያ ተነስታ ያንኑ የእንጦጦ ዳገት ወጣች። ሞቃ በሚኒሞ ግፊቱ 1.0 ባር፣ በ2,500 ዙር 2.8 ባር ሆነ፤ ፍሪሲዮን ቢረገጥም ባይረገጥም የሚለወጥ ድምፅ የለም። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ተቀይሮ ወንፊቱ ሲታይ ንጹሕ ነበር፤ ሞተሩ ሞቆ የተለካው ክፍተትም 0.11 ላይ ቆሟል። የሚቀጥለው ልኬት በ3,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያኔም ከዳገት ወርዳ፣ ፑሊው በጓንት ተይዞ።